ላሊበላና አክሱም፦ 241 ኪሎ ሜትሩ በስንት ሰዓት ያልቃል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ስለ ሰሜን ከተሞች ርቀትና የበረራ ሰዓት ከቀረቡልን ጥያቄዎች አምስቱን መልሰናል። የመጀመሪያው ለሌሎቹም መነሻ ስለሆነ ሰፋ አድርገነዋል።

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ ለገና ላሊበላ፣ ከዚያም አክሱም ጽዮንን ለመሳለም አስቤአለሁ። ኢንተርኔት ላይ የሁለቱን ከተሞች የበረራ ሰዓት ስፈልግ አንዱ 17 ደቂቃ፣ ሌላው 48 ደቂቃ ይላል። አገር ቤት ያለ የመኪና ባለሙያ ደግሞ «ሁለት ቀን ያዙ» አለን። ማንን እንመን? (አንባቢ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሦስቱም ስለ ተለያየ ነገር ነው የሚያወሩት። ከላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አክሱም አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 241 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 17 ደቂቃ ያለዎት ድረ ገጽ ይህን ርቀት በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ለሚበር ትልቅ ጄት አካፍሎ ነው ያገኘው፤ አውሮፕላኑ መሬት ለቆ እንደሚነሣና ተመልሶ እንደሚያርፍ ዘንግቶታል። 48 ደቂቃ ያለው በ800 አካፍሎ 18 ካገኘ በኋላ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ደምሯል። መልሱ ለእውነት የቀረበው በአጋጣሚ ነው፤ በዚህ ሰማይ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚመላለሰው ጄት ሳይሆን ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ነውና።

ይህ አውሮፕላን ደልደል ብሎ ሲበር በሰዓት ከ600 እስከ 660 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ነገር ግን በአጭር መንገድ ላይ ደልደል ብሎ የሚበርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሂሳቡን እንየው። ሁለቱም ማረፊያዎች ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። አውሮፕላኑ እስከ 6,400 ሜትር ወጣ እንበል። ሲወርድ አብራሪዎች የሚከተሉት የተለመደ ልክ በየ300 ሜትር ከፍታ 5.5 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ፊት መጓዝ ነው። ስለዚህ 4,300 ሜትር ለመውረድ ወደ 79 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። ለመውጣትም 65 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከ241ዱ የሚቀረው 97 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በሙሉ ፍጥነት የሚበረው ለዚህች ነው።

በጊዜ ሲቆጠር፦ መውጣቱ 10 ደቂቃ፣ ደልዳላው 10 ደቂቃ፣ መውረዱ 10 ወይም 11 ደቂቃ። ወደ መንደርደሪያው ለመስተካከል 4 ወይም 5፣ በሁለቱም በኩል መሬት ላይ ለመንከባለል ደግሞ 6 ደቂቃ ያህል። ድምሩ 41 ደቂቃ አካባቢ ነው። የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣ ሰው ጥቂት መጠባበቂያ ስለሚጨምር 45 ደቂቃ ብለው ይያዙት። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓትም በአየር ላይ ያለውን ብቻ አይደለም የሚያሳየው፤ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ነው የሚቆጠረው።

ለአገር ውስጥ በረራ በቃል የሚያዝ ቀላል ስሌት አለ። የአየር ርቀቱን ለ10 ያካፍሉና 20 ይደምሩ፤ ውጤቱ ደቂቃ ነው። ከቦሌ ላሊበላ 332 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 53 ደቂቃ፣ ከቦሌ ጎንደር 419 ስለሆነ 62፣ ከቦሌ አክሱም 572 ስለሆነ 77 ይመጣል። ቦሌ ላይ የመንደርደሪያ ወረፋ ሲኖር አምስት፣ አሥር ደቂቃ ይጨመራል።

አሁን ወደ መኪናው። በካርታ ላይ አጭሩ መንገድ ከላሊበላ በሰቆጣ፣ በአብይ አዲና በዓድዋ አድርጎ አክሱም የሚገባው ሲሆን ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብዙው ክፍል ተራራና ሸለቆ ስለሆነ በሰዓት በአማካይ ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ ደህና ሄደዋል፤ ሙሉ ቀን ይፈጃል ማለት ነው። አስፋልቱን እንከተል ካሉ ወደ ደቡብ ጋሸና ወጥተው፣ ወደ ምሥራቅ ወልድያ ወርደው፣ ከዚያ በመቀሌና በአዲግራት ዞረው ዓድዋ ይደርሳሉ። ይህ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ «ሁለት ቀን» ያለዎት ሰው አላጋነነም። ሁለቱም መንገዶች ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ የሚከፈቱበትና የሚዘጉበት ጊዜ ስላለ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከመነሣትዎ በፊት በነበረው ምሽት በዚያው መስመር የተመለሰ ሾፌር ይጠይቁ፤ ሳምንት ያለፈው ወሬ አይጠቅምም።

አንድ ነገር ደግሞ አይርሱ። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በአየር 9 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው፤ በመኪና ግን 23 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ መንገድ አለው። ከተማው 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ሲሆን ማረፊያው ያለው ታች ሜዳው ላይ ስለሆነ ነው። ከሆቴል 40 ደቂቃ፣ በረራው ከመነሣቱ በፊት ሰዓት ተኩል፣ በረራው 45 ደቂቃ፣ ሻንጣ ለመቀበል 20፣ ከአክሱም ማረፊያ ከተማ ለመግባት 15። በድምሩ ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። እናትዎን «አርባ አምስት ደቂቃ ናት» ብለው ምሳ ሳይበሉ እንዳያስነሧቸው።

ጥያቄ፦ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የሁለቱን ማረፊያዎች ርቀት በኬክሮስና በኬንትሮስ እንዲያሰሉ ሰጥቻቸው ብዙዎቹ 277 ኪሎ ሜትር አገኙ። እናንተ በጻፋችሁት 241 ነው። ስህተቱ የት ነው? (አንባቢ፣ ደሴ)

መልስ፦ ተማሪዎችዎ ዲግሪ፣ ደቂቃና ሴኮንድን እንደ አስርዮሽ ቁጥር አንብበውታል። በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ በስልክ ካርታ የሚፈልጉ ትልልቅ ሰዎችም ይሠሩታል።

የላሊበላ ማረፊያ 11 ዲግሪ ከ58 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ከ58 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ምሥራቅ ላይ ነው። ይህን 11.5830 እና 38.5848 ብሎ የጻፈ ሰው ተሳስቷል። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ 60 ሴኮንድ ነው። ስለዚህ 58ን ለ60፣ 30ን ለ3,600 አካፍሎ መደመር ያስፈልጋል፤ ትክክሉ 11.975 እና 38.980 ይሆናል። የአክሱም ማረፊያ 14 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ከ46 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ ምሥራቅ ስለሆነ 14.1467 እና 38.7728 ይሆናል።

ልዩነቱ በኬክሮስ 2.1717፣ በኬንትሮስ 0.2072 ዲግሪ ነው። በእኛ አካባቢ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 110.6 ኪሎ ሜትር ስለሆነ የመጀመሪያው 240.2 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። የኬንትሮስ ዲግሪ ግን ከምድር ወገብ እየራቅን ስንሄድ ይጠባል፤ 13 ዲግሪ ሰሜን ላይ 108.4 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሁለተኛው 22.5 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱን በየራሳቸው አባዝተው ይደምሩና ካሬ ሥሩን ይውሰዱ፤ 241.2 ይወጣል። ምድር ክብ ብትሆንም ለ300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት የፓይታጎረስ ቀመር የሚያመጣው ስህተት ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ስለሆነ ተማሪን በሳይንና በኮሳይን ማስጨነቅ አያስፈልግም።

ለክፍል የሚሆን ሌላም ነገር አለ። ቦሌ፣ ላሊበላና አክሱም በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ የተሰለፉ ያህል ናቸው፤ ሦስቱም ከ38.77 እስከ 38.98 ዲግሪ ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይገኛሉ። አንድ የኬክሮስ ደቂቃ ደግሞ አንድ የባሕር ማይል ያህል ነው፤ የባሕር ማይሉ 1,852 ሜትር ነው። ከላሊበላ እስከ አክሱም ያለው ልዩነት 2 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ፣ ማለትም 130 ደቂቃ ስለሆነ አብራሪው «130 ማይል» ሲል ተማሪዎችዎ ከየት እንዳመጣው በቀላሉ ያውቃሉ። ማባዛት እንኳ አያስፈልግም።

በስልክ የሚለኩ ከሆነ ጉግል ማፕ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያውን መንደርደሪያ በጣትዎ ተጭነው ይቆዩ፣ ርቀት መለኪያውን ይምረጡ፣ ከዚያ ካርታውን ወደ ሁለተኛው መንደርደሪያ ይጎትቱ። የከተማውን ስም ብቻ ጽፈው ከለኩ መሐል ከተማ ለመሐል ከተማ ስለሚለካ ውጤቱ ከዚህ ቁጥር ይለያል።

ጥያቄ፦ ከጎንደር ላሊበላ ይቀርባል ወይስ አክሱም? በመኪና ሁለቱም አንድ ያህል ናቸው ይሉኛል፤ ካርታው ላይ ግን ላሊበላ ጎረቤት ይመስላል። (አንባቢ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ካርታውም የነገሩዎትም ሰዎች ትክክል ናቸው። በአየር ከጎንደር ላሊበላ 179፣ ከጎንደር አክሱም 231 ኪሎ ሜትር ነው። በመኪና ሁለቱም 360 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናሉ። የአክሱሙ መንገድ ከአየሩ አንድ ተኩል እጥፍ፣ የላሊበላው ግን ሁለት እጥፍ ነው።

ምክንያቱ በመካከል ያለው መሬት ነው። ከጎንደር ወደ ምሥራቅ ቀጥ ብለው ላሊበላ ልግባ ቢሉ በለሳንና የተከዜን ገባር ወንዞች ሸለቆዎች መሻገር ይኖርብዎታል። ዋናው መንገድ ይህን ሸሽቶ ወደ ደቡብ እስከ ወረታ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ 3,000 ሜትር አካባቢ ባለው ደጋ ላይ ጋሸና ይደርሳል፤ መጨረሻ ላይ ወደ ሰሜን 64 ኪሎ ሜትር ያህል ተመልሶ ላሊበላ ይገባል። የሳጥን ሦስት ጎን መዞር ነው።

የአክሱሙ መንገድ አቅጣጫው ቀጥ ያለ ነው፤ ችግሩ ቁልቁለቱና ዳገቱ ነው። ደባርቅን እንዳለፉ ሊማሊሞ ይጀምራል፤ ከስሜን ደጋ ጫፍ ወደ ቆላው የሚጥል ጠመዝማዛ ነው። ከዚያ አዲ አርቃይ፣ ማይ ጸብሪ፣ የተከዜ ሸለቆ፣ ተመልሶ ወደ ሽሬ መውጣት፣ መጨረሻ ላይ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ አክሱም። ሊማሊሞ ላይ የሚያጋጥመው ብልሽት ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ ሳይሆን ከፍሬኑ ነው፤ በሦስተኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ መውረድ ሲገባው ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሾፌር ሸራውን ያግላል፣ ከግማሽ በኋላ ፔዳሉ አልይዝ ይለዋል። በክረምት ጭጋግና ናዳ ይጨመርበታል። ኮንትራት መኪና ሲይዙ ዋጋ ከመከራከርዎ በፊት የፍሬን ሸራው መቼ እንደተቀየረ ይጠይቁ።

በአየር የላሊበላው 38 ደቂቃ ያህል፣ የአክሱሙ 43 ደቂቃ ያህል ነው። የነፋስ ነገር የሚነሣው ምሥራቅ ምዕራብ በሚሄደው በላሊበላው በረራ ላይ ነው፤ ነገር ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የፊት ለፊት ነፋስ በዚህ ርቀት ላይ የሚጨምረው ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በረራ ዘገየ ሲባል በነፋስ ማሳበብ አያስኬድም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ያው አውሮፕላን ቀድሞ በሄደበት ከተማ መዘግየቱ ወይም የጧት ጭጋግ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀት ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። በ2,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ድሮውንም ከባሕር ጠለሉ 78 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፤ አንዳንዴም ጭነት ይቀንሳል። ሻንጣዬ በሚቀጥለው በረራ መጣ የሚሉ መንገደኞች ያጋጠማቸው ይህ ሊሆን ይችላል። የሚመርጡ ከሆነ የጧቱን በረራ ይያዙ፤ መናወጡም ያንሳል።

ጥያቄ፦ ከሪያድ ነው የምመጣው። ከላሊበላ አክሱም ቀጥታ በረራ አላገኘሁም፤ ሁሉም በቦሌ በኩል ነው የሚያሳየኝ። ደግሞ ቲኬቱ ላይ 07:40 ይላል፤ ጧት ነው ወይስ ከሰዓት? (አንባቢ፣ ሪያድ)

መልስ፦ ጧት ነው። ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ስድስት ይቀንሱ፤ 07:40 ማለት ከጧቱ 1:40 ነው። 12:30 ከቀኑ 6:30፣ 18:00 ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። «ሰባት ከአርባ» ብለው ለዘመድ በስልክ ከነገሩ ዘመድዎ ከሰዓት በኋላ ሰባት ከአርባ ላይ ሊቀበልዎ ይወጣል፤ እርስዎ ስድስት ሰዓት ይጠብቃሉ። ለዘመድ ሲነግሩ «ከጧቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለውን ቃል አይዝለሉ። ቀኑንም እንዲሁ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉለት።

ከላሊበላ አክሱም ቀጥታ በረራ መኖር አለመኖሩ ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል። በጦርነቱ ጉዳት ደርሶበት ተዘግቶ የቆየው የአክሱም ማረፊያም ተጠግኖ ሥራ የጀመረው በ2016 ዓ.ም ነው። ቀጥታ ከሌለ በቦሌ ሲዞሩ የሚበሩት 241 ሳይሆን 332 እና 572፣ ማለትም 904 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በአየር ላይ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ቀኑን የሚበላው ግን ቦሌ ላይ መጠበቁ ነው። በሁለቱ በረራዎች መካከል ከሁለት ሰዓት ያነሰ አይያዙ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቅዎትም። በዕለቱ ወደ አክሱም ያለው የመጨረሻ በረራ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ያድራሉ።

ስለ ሻንጣ፦ ከሪያድ እስከ ላሊበላ ያለው ጉዞ በአንድ ቲኬት ተቆርጦ ከሆነና የአገር ውስጡ ለብቻው ተገዝቶ ከሆነ የሚፈቀደው ኪሎ ይለያያል። ለየብቻ የተገዛው የአገር ውስጥ ቲኬት አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ኪሎ ነው የሚፈቅደው፤ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው ትርፍ ክፍያ የሚጠየቀው እዚህ ላይ ነው። ቲኬት ሲቆርጡ «ሁሉም በአንድ ቲኬት ይሁንልኝ» ይበሉ። ካልሆነም ትልቁን ሻንጣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ይተዉት። ስምዎም ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው፣ ከነአባትና ከነአያት ስም፣ ፊደሉ ሳይለወጥ መሆኑን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ከላሊበላ ወደ አክሱም ስንበር በየትኛው በኩል ብንቀመጥ ጥሩ ነው? ለበዓላቱስ መቼ ቲኬት እንቁረጥ? (አንባቢ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ በግራ በኩል፣ ኤ የሚል ወንበር። ቀጥታው መስመር ከራስ ዳሸን በስተ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ስለሚያልፍ ጥርት ባለ ቀን የስሜን ሰንሰለት በግራ መስኮት ይታያል። 188 ሜትር ቁመት ያለው የተከዜ ግድብም በዚያው በግራ፣ ከመስመሩ አሥር ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ነው። ለሐይቁ ጥሩው ወቅት ክረምት ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ውኃውም ሙሉ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ይሆናል። የዳሽ 8 ክንፍ ከመስኮት በላይ ስለሆነ አይጋርድም፤ የሚጋርደው ሞተሩ ነው፤ ስለዚህ ከኋላ ያሉትን ረድፎች ይምረጡ። ከአክሱም ወደ ላሊበላ ሲመለሱ ደግሞ ቀኙን ይያዙ።

ለበዓል፦ ገና በፈረንጅ ምንጊዜም ጃንዋሪ 7 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ሳይሆን 28 ላይ ይውላል። የአክሱሙ ኅዳር ጽዮን ኅዳር 21 ስለሆነ በፈረንጅ ኖቬምበር 30 ነው፤ ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ወደ ዲሴምበር 1 ይሻገራል። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ የያዙ ቤተሰቦች በዘመነ ዮሐንስ ለኅዳር ጽዮን የበዓሉን ትተው የዋዜማውን በረራ የሚቆርጡት ለዚህ ነው። ለሁለቱም በዓላት መሄጃውን ከሦስት ቀን በፊት፣ መመለሻውን ከበዓሉ ማግስት አንድ ቀን አሳልፈው ይያዙ። የበዓሉ ማግስት ጧት ላሊበላ ማረፊያ ላይ ያለው ሰልፍ ያን 23 ኪሎ ሜትር መንገድም ይሞላዋል፤ በዚያ ቀን ከከተማው ለመውረድ 40 ሳይሆን 80 ደቂቃ ይመድቡ።